አራት ከመቶ

ሟቹ የሌዘር ማሽኑን ክዳን ከፍቶ፣ ሁለት እጆቹን እስከ ክርኑ አስገብቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር የተገኘው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ አልተነሣም፤ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ ግን አጠገቡ ቆሞ ስለ ራሱ ይናገር ነበር። ሰው በሞተበት ክፍል ስለ ሽልማቱ የሚያወራ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ለመልመድ ግን አሻፈረኝ ብላለች።

«አራት ከመቶ ኒዮዲሚየም፣ ብርሃን የሚያፈልቀው ብረት፣ የገባበት የሴራሚክ ዲስክ፣ ሳይግል እጥፍ ብርሃን እንደሚሰጥ ያረጋገጥኩት፣ የተሸለምኩበትም እኔ ነኝ» አለ ፕሮፌሰሩ። «በዛሬው ዲስክ ላይ ግን ዱቄት መዛኟ ከአራትም አሳልፋ ጨመረች። ዲስኩ ግሎ ተሰነጠቀ፤ ወንድሟም ማሽኑን ሳያጠፋ ሊቀይረው እጁን ሰደደ፤ ኤሌክትሪኩ ያዘው። አለቀ።»

መዛኟ፣ የሟች ታናሽ እህት፣ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ወንድሟን ባጣችበት ጠዋት ገዳዩም እሷ ተባለች።

«ተሳስተሽ ይሆን፣ እህቴ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የምመዝነው። ግን እሳቸው ሊቅ ናቸው፤ እኔ ማን ነኝ?»

«ኒዮዲሚየሙ ሲበዛ ምን ይሆናል?»

«አተሞቹ ሲጠጋጉ ብርሃናቸውን ይነጣጠቃሉ። ብልጭታው ቶሎ ይከስማል፣ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ሐምራዊ ቀለሙም ይጠቁራል። ወንድሜ የሚለካው ብልጭታው እስኪከስም ያለውን ጊዜ ነበር። ትናንት ‹የአለቃችን አራት ከመቶ ብልጭታው ልክ እንደ አንድ ከመቶ ይቆያል፤ ነገ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ› አለኝ።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከበሩ ሥር ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስደርስ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ ቁልፉም አልነበረበትም።»

«ስንት ቁልፍ አለው?»

«አንድ። ጋሼ ፕሮፌሰር አንገት ላይ ነው፤ ሲታጠቡም የሚያወልቁት አይመስለኝም። የአራት ከመቶ ዲስኮቹን ሣጥንም ከሳቸው በቀር የሚነካው የለም። የኛ እጅ ያቆሽሻል ይላሉ።»

ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው። ነጭ ወረቀት ዘርግታ፣ ከማሽኑ የወጣውን፣ በፕሮፌሰሩ እጅ «አራት» የተጻፈበትን ስንጥቅ ዲስክ፣ ከመደርደሪያ ያወረደችውን አንድ ከመቶ፣ ከሟች መሳቢያ ያገኘችውን በእህቱ እጅ «አራት» የተጻፈበት ሌላ ዲስክ ደረደረች።

«ውፍረታቸው እኩል ነው፣ ፕሮፌሰር። ይመልከቱ።»

የእህቲቱ ጠቁሯል። ስንጥቁ ግን ከአንድ ከመቶው ጋር መንታ ነበር፤ ፈዛዛ።

«ከልክ በላይ ተጨመረበት ያሉት ይህ ነው? ከሁሉም ሊጠቁር ይገባው ነበር። እንዲህ የፈዘዘ ደግሞ ግሎ አይሰነጠቅም፤ ጠርዙ ላይ የመዶሻ ምት አለ።»

«ልጅት፣ ይህ የሳይንስ ጉዳይ ነው።»

«የጽሕፈት ጉዳይ ነው። ለሽልማቱ ሲሉ አንድ ከመቶዎቹ ላይ ‹አራት› ብለው ጻፉ። ሟች ደረሰብዎት። ዛሬ ጠዋት ዲስክ ሊቀይር እጁን ሲያስገባ ቁልፉን አዙረው ኤሌክትሪክ ለቀቁበት፤ ከዚያ አጥፍተው አንገትዎ ላይ መልሰው አንጠለጠሉት። እህቱን ለመወንጀል የሚግል ዲስክ ሲያስፈልግዎም ከሣጥንዎ ‹አራት› የሚለውን አንሥተው ሰበሩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የርስዎ እስኪረሳዎ ድረስ ቀለለ፤ የገዛ ጽሑፍዎን አመኑት።»

የፕሮፌሰሩ እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ።

«በዚች ኢምንት ነገር…»

«ሰውየውን ያስገደለችዎትም እሷው ኢምንት ናት።»

ሲወስዱት መዛኟ ቀና ብላ አላየችውም። ከወንድሟ መሳቢያ የተገኘውን የራሷን ዲስክ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ሐምራዊው ጥላ ጉንጯ ላይ ወደቀ።

«ልኩ ነው፤ አልተሳሳትኩም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።