የቁልፉ ዓምድ

ከሪማ ማስመሪያውን አስተካክላ የመጨረሻውን መስመር ልታሰምር ስትል ሃምሳ አለቃ በላይነህ «ቀስ፣ ጓዲት» አሏት። «ሠንጠረዡ ከተጣመመ ነገሩም ይጣመማል።»

ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ ከትምህርት ቤት ወደ ንፋስ መውጫ ፖሊስ ጣቢያ ከተላከች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያው በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ማሾ ፋኖስ ተሰርቋል። ዘበኛው ጋሽ ቢሻው ታስረዋል፤ መዝገባቸውም ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሃምሳ አለቃው ግን የተበታተነው የምስክሮች ቃል አላስችላቸው ብሎ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይታየኝ ብለዋል፦ ቀኑ፣ ማን እንዳየ፣ የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደነበር።

ምስክሮቹ ቀን የሚቆጥሩት በታቦት ነው፤ የህዳር አቦ፣ የታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የጥር ዑራኤል። ከሪማ እስላም ብትሆንም ገበያ መሀል ያደገች የነጋዴ ልጅ ናትና ይህን ከዲያቆን እኩል ታውቀዋለች። አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ሁለት ብላ ጻፈች። ቀኖቹን የሚያገናኝ ነገር አልታይ ሲላት ማንም ሳያዛት አንድ ዓምድ ጨመረችና ዕለቱን ከግድግዳው የ፲፱፻፸፬ ቀን መቁጠሪያ ፈለገች። ሦስቱም ቅዳሜ ነበሩ።

ክው አለች። ቅዳሜ ገበያ ነው። ጋሽ ቢሻው እንጨት ሊሸጡ ሲወጡ ቁልፉን ለጓደኛዋ ለውብነሽ ይተዋሉ። እሷና ውብነሽ ደግሞ ቁልፉን መስኮቱ አጠገብ ካለው ድንጋይ ሥር ሸጉጠው ገበያ ይዞራሉ። ውብነሽ ትናንት ለፖሊስ ቁልፍ በእጄ ገብቶ አያውቅም ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ከፖሊስ ጣቢያው ስትወጣም የከሪማን እጅ ጥብቅ አድርጋ ይዛ «አባቴ ይገለኛል፤ ዝም በይልኝ» ብላት ነበር። ከሪማም ነገሩ ከስርቆቱ ጋር የሚገናኝ ስላልመሰላት እሺ ብላታለች።

«ጋሽ ቢሻው ስለ ቁልፉ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ነው የሚሉት። ሌላ ሰው አታስቸግሩ ይላሉ። ምነው?»

ሽማግሌው እነርሱን ሸፍነው መታሰራቸው አሁን ገባት። አፈረች፤ እንባዋም መጣባት። ውብነሽ እንደምትቀየማት ታውቃለች፤ ምናልባትም ከእንግዲህ አታናግራትም።

እስክሪብቶዋን አነሣች። በቁልፉ ዓምድ፣ በሦስቱም ቅዳሜዎች ትይዩ፣ መጀመሪያ የራሷን ስም ጻፈች፤ ቀጥላ የውብነሽን። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ሃምሳ አለቃው አዙራ፣ አንብበው እስኪጨርሱ ቁጭ ብላ ጠበቀች።