የግርዶሹ ጠረጴዛ

ሰው ሁሉ መርማሪዋን እህቴን ያደንቃል እንጂ፣ ከእሷ የበለጠ ጭንቅላት ያለኝ እኔ ነኝ። እናታችን ሳትቀር «እንደ እህትሽ ሁኚ» ስትለኝ አንጀቴ ያርራል። የሳይንስ መምህራችንን ሬሳ ያገኘሁት እኔ፣ ገዳዩንም ወዲያው ያወቅሁት እኔ።

መምህሩ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ጭንቅላቱ በጠረጴዛው ጥግ ተመትቶ ወድቋል። ከነገ ወዲያ ለሚሆነው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ የሠራልን ማሳያ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ አምፖሉ ፀሐይ፣ ሉሉ መሬት፣ የፒንግፖንግ ኳሷ ጨረቃ።

«የፊዚክሱ ቲቸር ነው» አልኳት እህቴን። «ግርዶሹን በሬዲዮ እንዲያብራራ የተመረጠው ሟቹ ስለሆነ፣ ቅናት ሲበላው ነው የከረመው።»

ቲቸሩ «ግርዶሹን ከእስር ቤት ልታሳዩኝ ነው?» እያለ ተወሰደ።

እህቴ ግን ሉሉን ብታነሳው ከሥሩ የደረቀ ደም አገኘች። «ማሳያው የተደረደረው ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው» አለች። ሬሳውን በመስኮት ሳየው በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ከሟቹ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ቲቸሩ፣ የቤተ ሙከራው ረዳትና የሟቹ ሚስት ብቻ ነበሩ።

ሚስትየዋ ዓይኗን ከረዳቷ ላይ አልነቀለችም። «እዚያ ክፍል እግሬ ረግጦ አያውቅም። የሚያመሸው ከእሷ ጋር ነው።»

«ለግርዶሹ ብለን እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበይኝ፤ እኩያሽ ነኝ።»

በማግስቱ እህቴ ቲቸሩንም ከእስር አስመጥታ ሁላችንንም ቤተ ሙከራው ሰበሰበች፤ ሚስትየዋን ለጊዜው ደጅ አቆይታ ማሳያውን በየተራ አስደረደረቻቸው። ቲቸሩ ጨረቃን ከፀሐይና ከመሬት መሃል አስገባ። ረዳቷም እንደዚያው።

«የጨረቃ ጥላ መሬት ላይ ሲያርፍ ነው ቀኑ የሚጨልመው» አለች ረዳቷ። «መንገዷ ዘመም ባይል ኖሮ በየወሩ ይጨልምብን ነበር።»

እህቴ ማሳያውን በትና ስታስገባት፣ ሚስትየዋ ሉሉን መሃል አድርጋ ኳሷን ከጀርባው ሸጎጠቻት።

«ያገኘነው ልክ እንዲህ ሆኖ ነው» አለች እህቴ። «እንዲህ ሲሆን የምትጋረደው ጨረቃ እንጂ ፀሐይ አይደለችም። ሟቹም፣ ቲቸሩም፣ ረዳቷም ይህን በህልማቸው አይስቱትም። በግፊያው የተበተነውን ማሳያ እንደነበረ ለማስመሰል የደረደረው የማያውቅ ሰው ነው። ቁልፍ ካላቸው ውስጥ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሚስትየዋ ኳሷን እንደጨበጠች ተቀመጠች። «ልገድለው አልነበረም። ስለ እሷ ጠየቅሁት፤ ስለ ጨረቃ መለሰልኝ። ገፋሁት።»

ይዘዋት ሲወጡ ወደ ቲቸሩ ጠጋ አልኩ። «ነገሩ ቅናት እንደሆነ እኮ ከመጀመሪያው አውቄ ነበር።»

«ያወቅሽውስ የራስሽን ቅናት ነው» አለኝ። «ያሳሰርሽው ግን እኔን።»