ከውኃው በኩል የመለሰልኝ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ቀጥዬ ማን ሰማው፣ ራሱ ነው የሰማው ወይስ ሌላ ሰው ነግሮት ነው ብዬ እጠይቃለሁ፣ አራት ዓመት ታሪክ ተምሬ የተረፈኝ ጠባይ ይኸው ነው። እናቴ "አንተ ልጅ፣ እንደምን አደርክ ሲሉህም ምንጩ ከየት ነው ልትል ነው" ትለኛለች። የምነግርህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር፣ እመነኝ፣ ችግሩ የሰማሁት እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ላይ ነው፣ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል፣ እኛ ማሳ ላይ። የመውጫ ፈተናውን ወድቄ፣ ለሁለተኛው ዙር ላጠና ቤት ገብቻለሁ፣ ከሁሉም ያስቸገረኝ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የፖለቲካ ታሪክ ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደተዋዋለ፣ ማን በማን ላይ እንደዘመተ ይምታታብኛል። ቤት ደግሞ ሩዙ ደርሶ ግሪሳ ወርዶበታል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቀው ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ነበር፣ እሱ ደግሞ በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል፣ ሲሄድ እናቴን "ለገና ቤት ነኝ" ብሏት ነው የሄደው። አብረውት የወረዱትን ልጆች ወረታ ገበያ ላይ አገኘናቸው፣ "መንገድ ላይ ተለያየን፣ ከኋላ ይመጣል" አሉን፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እናቴ ሲነጋም ሲመሽም ደውልለት ትለኛለች፣ እደውላለሁ፣ ያቺ የስልኳ ሴትዮ ጥሪ አይቀበልም ትላለች፣ እናቴ ሴትዮዋን ጠምዳ ይዛታለች።

እና ማማው ላይ እኔ ወጣሁ። ግሪሳ ዝም ካልከው ማሳውን ጨርሶልህ ነው የሚሄደው፣ ቀኑን ሙሉ መጮህ ነው፣ እኔም መጮህ ካልቀረ ብዬ ሃንዳውቴን ይዤ ትምህርቴን መጮህ ጀመርኩ። ወንጭፌን እያጮህኩ "ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች፣ ጀርመን በሩሲያ ላይ አወጀች" እላለሁ፣ ግሪሳው ተነስቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤታችን አያ ጥጋቡ ማማቸው በምሥራቅ በኩል ነው፣ "ደምሌ፣ ወፎቹን ልታስመርቃቸው ነው ወይ፣ እኔ ማሳ ሲደርሱ እኮ ተምረው ነው የሚበሉት" ይሉኛል።

በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ጀንበር ስትጠልቅ ከማማ የሚወርድ ሰው ዝም ብሎ አይወርድም፣ አንዴ ይጣራል፣ ቀጥሎ ያለው ማማ ይመልስለታል፣ መልስ ሳይሰሙ መውረድ ነውር ነው፣ የወደቀ ወይ እባብ የነደፈው ሰው ካለ የሚታወቀው በዚያ ነው። እኔ ታዲያ ጥሪውንም በትምህርቴ ለወጥኩት፣ ሲመሽ "ወታደሮቹ ለገና ቤታችን እንገባለን ብለው ወጡ" ብዬ እጮሃለሁ፣ አያ ጥጋቡ "ይግቡ" ይሉኛል፣ እወርዳለሁ።

ያን ምሽትም ጮህኩ፣ "ይግቡ" አሉኝ፣ እግሬን መሰላሉ ላይ አደረግሁ። ያን ጊዜ እንቁራሪቱ ሁሉ ዝም አለ። ከማሳችን በስተምዕራብ ክረምት የተኛው ውኃ እስካሁን አልሸሸም፣ ማማም ሰውም የለበትም፣ ከዚያ በኩል ግሪሳ ተነሳ፣ ሰማዩን ሞልቶ በላዬ ሲያልፍ የክንፍ ድምፅ አልሰማሁም። ቀጥሎ ሰው ውኃ ውስጥ ሲራመድ ሰማሁ፣ ቸብ ቸብ ይልና ይቆማል፣ ደግሞ ቸብ ይላል። "ማነህ?" አልኩ። ራሴን ላደፋፍር ይሁን ምን ይሁን እንጃ፣ ያንኑ ደግሜ ጮህኩ፣ "ለገና ቤታችን እንገባለን ብለው ወጡ።"

"የትኛው ገና?" አለኝ ከውኃው በኩል።

ለማስፈራራት ያለው አይደለም፣ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው፣ ማወቅ ፈልጎ ነው። የይርጋ ድምፅ ነው ብዬ አልምልልህም፣ አይደለም ብዬም አልምልልህም። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

አያ ጥጋቡን መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

"ሌላ ሰው ሲናገር ሰምተዋል?" አልኳቸው።

"አንተኑ ነው የሰማሁት፣ ሁለቴ ጮህክ፣ ምነው መልሴ አልደረሰህም?"

"ከውኃው በኩልስ?"

"ከውኃው በኩል ማን አለና?"

እፎይ አልኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጆሮዬ ነው ብዬ ማሳው ጥግ ካለው ቤታችን ገባሁ። እናቴ የእግር ውኃ አሙቃለች፣ የይርጋን ጋቢ መደቡ ላይ ዘርግታለች፣ እኔን አልፋ ወደ ውጭ ታያለች።

"ወንድምህን ምነው ጥለኸው መጣህ?" አለችኝ።

"የምን ወንድም፣ እማ?"

"ሲመልስልህ ሰማሁት እኮ፣ የትኛው ገና ሲልህ። መንገዱ አድክሞታል መሰለኝ፣ ድምፁ ዝግ ብሏል።"

እኔ አንድም ነገር አልነገርኳትም፣ ይህን ልብ በልልኝ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ቃል ከሰማ አልሆነም ለማለት ይቸግራል፣ እኛ የተማርነው እንዲህ ነው፣ የአያ ጥጋቡን ቃል ይዤ ልከራከር ብል ደግሞ እሳቸው ጆሯቸው ደከም ብሏል። ፈራሁ፣ ከድምፁ ይልቅ እናቴ የቀዘቀዘውን ውኃ ደግማ ስታሞቀው ነው የፈራሁት። በማግሥቱ ከአያ ጥጋቡ ጋር እስከ ጉልበታችን እየገባን ውኃውን ዞርነው፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ላይ የሰው ዱካ የለም።

ሩዙ ታጨደ፣ ገና መጣ፣ ይርጋ አልመጣም። ፈተናዬ ሲቃረብ ልቅር ብዬ ነበር፣ እናቴ "ሂድ፣ ማማውን እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ፣ ምን የሚጠበቅ ነገር አለና ልላት ፈልጌ ተውኩት። ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ አያ ጥጋቡ ደውለው "እናትህ ሲመሽ እየወጣች ያንተን የፈረንጅ ጦርነት ትጮሃለች፣ ብለምናት እምቢ አለችኝ፣ እኔም ይግቡ እላታለሁ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ" አሉኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት።

የፈተናው ዋዜማ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ በአያ ጥጋቡ ስልክ እናቴ ራሷ ደወለች። ነፋስ ይሰማኛል፣ ማማው ላይ ነች።

"ደምሌ፣ ለገና እንገባለን ካሉ በኋላ ምን ነበር የምትለው? ቀጥሎ ያለውን ንገረኝ።"

"ምን ያደርግልሻል፣ እማ?"

"እየጠየቀኝ ነው" አለችኝ።

ቀጥሎ ያለውን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ያ ገና እንዳለፈ፣ የሚቀጥለውም እንዳለፈ፣ ከወጡት ስንቱ በዚያው ጭቃ ውስጥ እንደቀረ። "አላስታውስም" አልኳት። ስልኩን አልዘጋችውም፣ "አላስታውስም ይላል" ብላ ወደ ውኃው ስትጮህለት ሰማሁ።