የማይቆለፈው መስመር

እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 2008፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ቱኒስ፣ አንድ ሾርባ ቤት።

ሸድሊ ደረቅ ዳቦ እየቆረሰ ሽንብራ ሾርባው ውስጥ ይጨምራል። ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። ትንሿ ፍላሽ ከዳቦው ቅርጫት ሥር ናት።

አጠገቡ የተቀመጠችው ነርስ፣ ዙሄይራ፣ ለዳቦ እጇን ዘረጋች።

ፍላሿ ጠፋች።

በምስጢር መረባቸው ውስጥ እሱ «ወይራ»፣ እሷ «ናና» ይባላሉ። እሱ የሰው ኢሜይል የሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ መስሎ ደኅንነቶቹ ጉያ ከገባ ቆይቷል። እሷ የምትሠራበት የእስር ቤት ክሊኒክ ውስጥ አንድ ወጣት በድብደባ ሊሞት ደርሷል። ገላውን ፎቶ አንስታዋለች። ፎቶዎቹ ፓሪስ ያለው ስደተኛ ጠበቃ እጅ ከገቡ ልጁ ይተርፋል።

«ፍላሿ ላይ ያለው ፕሮግራም ፎቶዎቹን ይቆልፋቸዋል» አላት። «እኛ ቢሮ ማንም አይከፍታቸውም። የኢሜይሉ ርዕስ ግን አይቆለፍም። ፖስታ ላይ እንደተጻፈ ነው፤ ሁሉም ያነበዋል። ባዶ ተዪው።»

«ሰላም ሳልል?»

«ሰላም ሳትዪ።»

«እናትህን አውቃታለሁ፤ እንዲህ አላሳደገችህም» ብላ ሳቀች። ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ልትልከው ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሸድሊ ስክሪን ቀላ። የተቆለፈ ደብዳቤ ብርቅ ስለሆነ እዚህ ክፍል ደርሶ ይያዛል። ወይ ያልፋል፣ ወይ ይጠፋል። አለቃው ሲ ላምጀድ ከኋላው ቆሟል።

ውስጡ የተዘበራረቀ ፊደል ነው። አንድ ቃል አይነበብም።

ርዕሱ ይነበባል።

«በረከቱ በአንተ ይሁን። እናትህን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ፊቷ ብሩህ ነበር።»

የጠበቃው እናት እሑድ ሞተዋል፤ አስከሬናቸውን ያጠበችው ዙሄይራ ናት። ልጃቸው መምጣት አልቻለም። ሐዘንተኛን ሳያጽናኑ ጉዳይ ማውራት ነውር ነው፤ ማጽናኛን መቆለፍ ደግሞ ዙሄይራ ከቶ አላሰበችውም።

«ሁሉን ቆልፋ ደጁን ረሳችው» አለ ላምጀድ። «አንተ የሰፈሩ ልጅ ነህ። ማን አጠባቸው?»

«ከቢዜርታ የመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው አሉ።»

ላምጀድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እኔኮ ለቅሶው ላይ ነበርኩ፣ ልጄ። ኩስኩሳቸውን በልቼ፣ የሟቿን ታላቅ ልጅ አቅፌ አልቅሻለሁ። ነርሷ እጇን እየጠረገች ስትወጣም አይቻለሁ።» ፈገግ አለ። «የጠየቅኩህ ስለ እሷ አልነበረም። አንተን ለማየት ነው።»

ዘበኛ ሊጠራ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ደብዳቤውን ማጥፋት እሷን አያድናትም። ስሟ ታውቋል። እንዳይደውልላት፣ ነርሶች ክሊኒኩ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ይተዋሉ።

«ይለፍ» የሚለውን ተጫነ።

በጓሮ ደረጃ ወረደ። ሮጠ። ወደ ክሊኒኩ ታክሲ ያዘ።

የደኅንነቶቹ መኪና ቀድሞታል።

ዙሄይራ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች በሁለት ሰዎች መሀል ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ሸድሊን አየችው። ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

አውቶቡስ ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ቆሞ ቀረ። ምን ያድርግ። አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፈረ፤ ወዴት እንደሚሄድ አላነበበም።

ፎቶዎቹ በዚያው ሳምንት ፓሪስ ታተሙ። ወጣቱ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በሚያዝያ ተፈታ። ሸድሊ ስፋክስ ወደብ ላይ በሌላ ስም ዓሣ ይጭናል። ዙሄይራ በታሰረች በሁለተኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ ሞተች።