ሦስተኛው ተኩስ

ካሜራ አንሺው ላዮስ ቫርጋ የሞተው ካሜራው እየዞረ ነው። የሞተሩ ጩኸት ወደ ማይክሮፎኑ እንዳያልፍ ተብሎ በወፍራም ብርድ ልብስ በተለበጠችው ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ፣ ማጅራቱን በጥይት ተመትቶ፣ ግንባሩን ካሜራው ላይ እንደ ደፋ ተገኘ። የኮቱ ኪሶች ሁሉ ተገልብጠዋል።

ኢንስፔክተር ሃሎራን ረፋዱ ላይ ደረሰ። ያስጠራው ኤሜት ስትሮድ ነበር። ስትሮድ ሠላሳ ዓመት በፖሊስነት ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሃሎራንንም ከተራ ዘብነት አንሥቶ ሥራውን ያስተማረው ሰው ነው። አሁን በዚህች የሆሊውድ ምስኪን ስቱዲዮ፣ የወንበዴ ፊልም በየሳምንቱ በሚፈበረክባት፣ አማካሪም የድምፅ ረዳትም ሆኖ ይሠራል።

«አንተ ብትይዘው ይሻላል ብዬ ነው፣ ልጄ» አለው ትከሻውን እየመታ።

«ደግ አደረጉ፣ አለቃ። ምን ሰሙ?»

«ምንም። እዚህ ከክፍሏ ኋላ ቆሜ ሥራዬን እሠራ ነበር። ሦስት ጊዜ መታሁ፤ በቃ።»

እውነተኛ ተኩስ የድምፅ መቅጃውን ስለሚጎዳ የተዋናዮቹ ሽጉጥ ባዶ ነው። ተዋናይዋ ቃታ ስትስብ ስትሮድ የቆዳ ትራስ በዱላ ይመታል፤ ያ ነው ተኩሱ።

ዳይሬክተሩ ፔልማን ላቡን እየጠረገ መጣ። «ጌታዬ፣ ቶሎ ይጨርሱልኝ! ነገ ይህን የካርቶን ባንክ አፍርሰን እስር ቤት ልናደርገው ነው።»

«የስቱዲዮው በር ተዘግቶ ነበር?»

«ቀይ መብራት በርቶ ማን ይገባል? እኔና ተዋናይዋ ቬስታ ከካሜራው ፊት ለፊት ነበርን። ኦሪን ደግሞ ላይ፣ ድምፅ መቅጃው ክፍል፤ በመስታወቱ ይታየኛል።»

ቬስታ ዶራን የወንበዴ ልብሷን እንደ ለበሰች ታለቅሳለች። «እንደ ወንድሜ ነበር። ትናንት ‹አንድ ነገር ለፖሊስ እሰጣለሁ› አለኝ። በፊት የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር እኮ። የሚሳሳለትን ነገር ኪሱ አይዝም፤ ባዶ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚያኖረው።»

ሃሎራን ቆርቆሮዎቹን ብቻውን ከፈተ። ከአንዱ ያገኘውን ፎቶ ደጋግሞ አይቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ የድምፅ ሠራተኛው ኦሪን ፊች ዘንድ ወጣ።

«ሦስተኛው ምት ላይ የመቅጃዬ አምፖል ተቃጠለ» አለ ኦሪን። «‹ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትነርተው?› ብዬ ስትሮድ ላይ በስልክ ጮኽኩ። ‹ዱላው አመለጠኝ› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ኦሪን ክፍል ተጠሩ፤ ሳጅን ኒልስ በሩ ላይ ቆመ። የተቀዳው ሸክላ ተከፈተ። ዷ። ዷ። ቀጥሎ የካሜራ ሞተር ጩኸት ብቅ አለ፤ ወዲያው ጆሮ የሚሰነጥቅ ፍንዳታ፣ ከዚያ ዝምታ።

«ሞተሩ የተሰማው የክፍሏ በር ስለተከፈተ ነው» አለ ሃሎራን። «የመጨረሻው ደግሞ ሽጉጥ ነው፤ ትራስ አምፖል አያቃጥልም።»

«ታዲያ ማን ተኮሰ?» አለች ቬስታ።

«ሁለቱ የትራስ ናቸው፣ ሦስተኛው የሽጉጥ። ሌላ ሰው ተኩሶ ቢሆን የትራሱም ሦስተኛ ምት ይኖር ነበር። የለም። ትራሱን ሊመታ የሚገባው እጅ ሽጉጥ ይዞ ነበር።»

«ተደርቦ ይሆናላ፤ እኩል መትተን» አለ ስትሮድ ፈገግ ብሎ።

ሃሎራን ዞሮ አየው። «እሺ። የካሜራው ክፍል በር ካንተ በሁለት እርምጃ ላይ ነበር። የሽጉጥን ዓይነት በጆሮ መለየት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አጠገብህ ተተኩሶ ‹ምንም አልሰማሁም› አልከኝ።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለው። የስትሮድ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ወረደ።

ሃሎራን ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ገና ፖሊስ የነበረው ስትሮድ በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ፣ ከፍራሹ ሥር ሽጉጥ ሲያስገባ ቫርጋ በመስኮት አንሥቶታል። «በነፍስ ግድያ የተከሰሰው የሳይላስ ሮው ቤት ነው። ‹ሽጉጡ እዚያ ተገኘ› ብዬ ፍርድ ቤት የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ስላመንኩህ ማልኩ። ሰውየው ተሰቀለ።»

«ቫርጋ ፈርቶ አሥራ አንድ ዓመት ደብቆት ኖረ» አለ ስትሮድ ቀስ ብሎ። «አሁን ሕሊናው ነቃበት። ምን ላድርግ?»

«እኔንስ ለምን አስጠራኸኝ?»

«ሌላው ይጠረጥረኛል። አንተ ግን አትጠረጥረኝም ብዬ ነዋ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ ያ ወረቀት ከወጣ አብረን ነው የምንወድቀው። በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጅህን የጫንከው አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

ሃሎራን ፎቶውን ለሳጅኑ አቀበለው።

«መዝገብ ክፈት፣ ኒልስ። ሳይላስ ሮው ያለ ጥፋቱ ተሰቅሏል በል። ከሥሩ የሁለታችንንም ስም ጻፍ፤ የእኔን አስቀድም።»