ከየሽፋኑ የሚያዩ ዓይኖች

ሬሳው በግቢው ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ የወደቀበትን የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ሽቅብ ያያል። የበረንዳውን መከላከያ ብረት በያጁ ለጥገና ነቅሎ ወስዶታል። ሟች የሙዚቃ መጽሔቱን ሽፋን የሚሠራው ዲዛይነር ነው። የመጽሔቱ ባለቤት ለፖሊስ ደውሎ «አደጋ ደረሰብን» ብሏል። ትልቅ ሰው አደጋ ነው ካለ አደጋ ነው፤ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? የመጣው መርማሪ ግን መጠየቅ ይወዳል።

የዲዛይነሩ ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። በአንደኛው ጫፍ ግድግዳው ላይ ሽፋኖች ተሰክተዋል፤ በሌላኛው ጫፍ የበረንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መርማሪው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ማጅራቱን በረደው። ጊታር የያዘውም፣ ማይክ የጨበጠችውም፣ ሁሉም እሱን ያያሉ። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ተከተሉት። መሃል ላይ በተሰካው ትልቅ ሽፋን ላይ ያለው ዘፋኝ ብቻ ሌላ ቦታ ያያል።

ፎቶ አንሺውን አስጠራ።

«ከሟች ጋር አትስማሙም ነበር አሉ።»

«ከእሱ ጋር የሚስማማ ካለ ያሳዩኝ። እኔ ዝናብ እየደበደበኝ ያነሳሁትን ፎቶ ይቆርጠዋል፣ ይቀባዋል፣ ከዚያ ስሙን በትልቁ ይጽፍበታል። የእኔን ስም በማጉያ መነጽር ይፈልጉት።»

«እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«ሽፋኑን ይሰካና፣ ዓይኑን ሳይነቅል የኋሊት ይሄዳል። ክንዱን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ያነሳል። ጣቱ የዘፋኙን ፊት ሲከልለው ይቆማል። ‹ከመንገድ ማዶ ያለ ልጅ ኪዮስኩ ላይ የሚያየው ይህችን ታህል ነው፤ በዚህ ርቀት ካላስቆመው ሽፋኑ ሞቷል› ይላል።»

ወለሉ ላይ በጫማ የተፋቀ ቦታ አሳየው። ከበሩ በብዙ ይርቃል።

መርማሪው አውራ ጣቱን አነሳና በትልቁ ሽፋን ላይ አነጣጥሮ የኋሊት ሄደ። የተፋቀውን ቦታ አለፈ። የዘፋኙ ፊት አሁንም አልተከለለም። ነፋስ ጀርባውን ሲነካው ቆመ።

«ይሄን ትልቁን ማን አዘዘ?» ሲል ባለቤቱን ጠየቀው።

«እኔ ነኝ። ከመጽሔቱ ጋር ፖስተር ይውጣ አልኩ። ሁሉም ሰምቷል። ምን አጠፋሁ?»

«በሩንስ ማን ከፈተው?»

«ብረቱ እስኪመለስ በሩ እንዲዘጋ አስጠንቅቄያለሁ። ሰው ካልሰማኝ ምን ላድርግ?»

በስተመጨረሻ ከጽሑፍ አራሚዋ ጋር ተቀመጠ። ከባለቤቱ በፊት እዚህ ቤት የገባች ሴት ናት፤ በዓመት በዓል ግብዣ ላይ እንኳ የሚጠራት የለም። ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለሽፋኖቹ ሰጥታለች።

«እትዬ፣ አዲሱን ሽፋን አይተውታል?»

«እኔ ፊደል ነው የማየው፣ ልጄ። ሥዕል አላይም።»

«ለምን?»

«አልወድም።»

መርማሪው ሦስቱንም ግድግዳው ፊት ሰበሰባቸው።

«ሟች በልማዱ የኋሊት ሄደ» አለ። «ፊቱ ትልቅ ስለሆነ ልማዱ ከወትሮው በላይ አራቀው። የተዘጋውን በር ቀድሞ የከፈተለት ሰው አለ። ያ ሰው ፖስተሩንም አትሞ ሰክቶለታል። ጥያቄው ማን ነው የሚለው ነው።» ወደ ፎቶ አንሺው ዞረ። «ይሄ ዘፋኝ ብቻ ለምን ወደ ጎን ያያል?»

«እኔ ሳነሳው ወደ ጎን ነበር የሚያየው። ግን ዲዛይነሩ ዓይኑን ቀይሮለት ነበር። እንደ ሌሎቹ።»

«ሌሎቹ የማን ዓይን ነው ያላቸው?»

ፎቶ አንሺው አቀረቀረ። «የአንዲት ልጅ። ዘፋኝ ነበረች፤ ሞተች። የእሷ ሽፋን የወጣ ጊዜ ወጣቱ ኪዮስክ ሊያፈርስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፊት ሲሠራ የእሷን ዓይን ይተክልበታል። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ከፎቶው ተለይቶ ለብቻው ስለተቀመጠ፣ ማንም ሰው በአንድ ጠቅታ ያነሳዋል።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እንዳለ ያትመው ነበር» አለ መርማሪው። «ሊገድል የተቻኮለ ሰው ለዓይን ምን አስጨነቀው? ለእነዚህ ዓይኖች ሳስቶ ከወጥመዱ የሚያወጣቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። የልጅቷ እናት ማን ናት?»

ባለቤቱ አራሚዋን በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት።

«ለመንኩት» አለች። «ዓይኗን የማያውቁት ሰው ፊት ላይ አትስፋብኝ አልኩት። ‹እትዬ፣ ዓይኗ እኮ ይሸጣል› አለኝ። አውቶቡስ ስጠብቅ ታየኛለች። ዳቦ ስገዛ ታየኛለች። ልጄን ቀብሬያት መች አረፈች?»

«ከዚህኛው ላይ ግን አነሷት።»

«ታዲያ በገዛ ልጄ ዓይን ሰው ላጥምድ?»

መርማሪው ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰዳት። ውስጥ ከገቡ በኋላ እጅጌውን ያዘችው።

«በየት በኩል ነው የምንሄደው?»

«በዋናው መንገድ።»

«ኪዮስክ በሌለበት በኩል አይሆንም?»

መርማሪው ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ አሰበ፣ አሰበና እንዲህ ያለ መንገድ የለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። መርማሪው ኮቱን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገላት። መኪናው ተነሳ። የመጀመሪያው ኪዮስክ ጋ ሲደርሱ እሷው ራሷ ኮቱን ገልጣ የልጇን ዓይኖች ፈለገች።