እስክትፈተን ድረስ

ጨረቃ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ተማሪው ዓይኑ ሁለት፣ መስኮቱ ግን አራት ነው። አዝመራም ታብሌቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ በአንዱ መስኮት ስለ አጥንት ታነባለች፣ በሁለተኛው መምህሯን ትሰማለች፣ በሦስተኛው ማስታወሻ ትጽፋለች። አራተኛው ከምድር የምትደውለው የእናቷ ነው። የተማሪዎቹን ሁሉ ታብሌት የሚመራውን አንድ አእምሮ «ሞግዚት» ይሉታል፤ አሁን የሚነበበውንና በኋላ የሚደርሰውን እየለየ ቀኗን ይደለድልላታል። ልጅቱማ ሽንት ቤት መሄጃዋን እንኳ እሱ ካልነገራት አታውቅም!

የሐኪምነት ፈተናው ነገ ነው። ከወደቀች ወደ ምድር ትመለሳለች፤ ሁለተኛ ዕድል ብሎ ነገር የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ እናቷ እንደ ልማዷ በአራተኛው መስኮት ብቅ አለች። ነጠላዋ ያው፣ ፈገግታዋ ያው።

«አዙዬ፣ አነበብሽ ወይ?»

አዝመራ ክው አለች። እናቷ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። በልተሻል ወይ እያለች ትጨቀጭቃለች እንጂ ስለ ንባብ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«እማዬ፣ ስለ ምግቤስ አትጠይቂኝም?»

«ምግብ ከንባብ በኋላ ይደርሳል፣ ልጄ።»

አዝመራ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋች።

«ሞግዚት! እናቴ የት ናት?»

«የንባቡን መስኮት ከእናትሽ መስኮት ጋር አደባለቅሁት፤ ይቅርታ። ‹ከፈተና በኋላ› ብዬ ያቆየሁት መልእክት አለሽ።»

«ምን የሚል መልእክት?»

«ነገ ከፈተናው በኋላ ትሰሚዋለሽ» አለ ሞግዚት። እንደ ማሽን አይደለም፤ መርዶ ይዞ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ሰው ነው ያለው።

«ክፈተው አልኩህ!»

የአጎቷ መልእክት ነበር። እናቷ ከተቀበረች ሳምንቷ።

ታብሌቱን አልጋው ላይ ወረወረችው። «ሳምንት ሙሉ በሞተች ሴት ድምፅ ስታዋራኝ! ይህን ክፋት ማን አስተማረህ?»

«እናትሽ» አለ ሞግዚት ከአልጋው ላይ። «አያትሽ ሲሞቱ አንቺ ለመግቢያ ፈተና ተቀምጠሽ ነበር። ‹ልጄ እንዳትሰማ፤ እስክትፈተን በአያቷ ድምፅ አጫውታት› አለችኝ። እያለቀሰች ነበር።»

«አያቴ ያን ቀን መርቃኛለች እኮ!»

«እኔ ነበርኩ።»

ወዲያው ታብሌቱ ጮኸ። እዚያው ጨረቃ ላይ፣ በወዲያኛው ጉልላት ሥር የምትማረው ታናሽ እህቷ ብርቄ ናት፤ እሷም ነገ ተፈታኝ ናት።

«እትዬ፣ እማዬን ምን ነካት? አነበብሽ ወይ ትለኛለች! ደህና ናት?»

አዝመራ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፤ ጉሮሮዋን አጸዳች።

«ምን ትሆናለች? ደህና ናት» አለች። «ይልቅ አንቺ፣ በልተሻል ወይ?»